ዓይን ያረፈበት ሽፋን

ሶሊያና የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ናት፤ ሥራዋ ማየት ነው። ሌላ ምንም አትሠራም። ታያለች፣ ትፈርማለች፣ ወደ ቤቷ ትገባለች። "ለማየትማ እኔስ ምን አንሶኝ!" የሚሉ አሉ፤ የአከራይዋ ባል አንዱ ነው። ግን በዚህ በሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት አዳማ ላይ ማየት እንደ ማንኛውም ሙያ ፈቃድ አለው፣ ግብር አለው፣ የአንገት ሕመምም አለው።

"ብሌን" በሚባለው የሽፋን ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣለች። የጌም ሽፋን የሚስለው ማሽን ነው፤ ሰው እጁን ካነሳ ቆይቷል። ሕጉ ግን "ሰው ያላየው ሽፋን ለሰው አይታይም" ስለሚል፣ እያንዳንዱ ሽፋን መንገድ ላይ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው አይቶት ጥጉ ላይ መፈረም አለበት። ያ ሰው ሶሊያና ናት። ያልተስማማትን በቀይ ብዕር ከብባ ትመልሳለች፤ ማሽኑ አርሞ ያመጣል፤ ደግማ ትመልሳለች፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ትፈርማለች። ሦስት ዙር የቤቱ ልማድ ነው። አራተኛ የመለሰ ሰው የለም፤ ቢኖርም በሻይ ሰዓት መሳቂያ ይሆናል።

ሽፋኖቹ ከዚያ ወጥተው ከተማውን ይሞሉታል። የፌርማታው ግድግዳ፣ የባጃጁ ጀርባ፣ የዳቦ ቤቱ በር፣ ሁሉም ሽፋን ነው። ዝም ብለውም አይቀመጡም። አላፊ አግዳሚው የት ላይ አተኩሮ እንዳየ እያንዳንዱ ግድግዳ ይቆጥራል፤ ዓይን ያረፈበት ይፋፋል፣ ዓይን የዘለለው ይከስማል። ሰኞ የወጣች ሴት አርብ ላይ ሌላ ሴት ሆና ታገኛታላችሁ። በዚህ ዓይነት ሠላሳ ዓመት ስለተኖረ የሴቶቹ እጅ አንሶ አንሶ የሕፃን እጅ አክሏል፤ አንደኛ ክፍል ሥዕል የሚያስተምሩ መምህራን "ልጆቹ ሴት ሲስሉ እጅ ይረሳሉ" ይላሉ። ወገቡስ? ወገቡን ተዉት። ጀርባዋን ሰጥታችሁ የቆመች ሴት ደረቷም ፊቷም ወደ እናንተ ነው፤ አጥንት ያለው ፍጡር እንዲህ ሊቆም አይችልም። ጎኗ የሚቆመው ወንድ ግን እስከ አገጩ ተቆልፎ፣ ጓንት አጥልቆ፣ ሁለት እግሩን አንሰራፍቶ ነው። ማንም አይገረምም፤ እንጀራ ክብ ነው ብሎ የሚገረም አለ እንዴ?

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ልማድ አለ። ጠዋት ጠዋት የአዳማ እናቶች "ፊትሽን ታጠብሽ?" ካሉ በኋላ "ድምፅሽን ለበስሽ?" ይላሉ። ጌም የሚጫወት፣ በጌም ሜዳ የሚማር፣ በጌም ሜዳ የሚገበያይ ሁሉ የሚታወቀው በድምፁ ነው፤ የሴት ድምፅ ይዛ የገባች ደግሞ የሚጠብቃትን ታውቀዋለች። መጀመሪያ "የኩሽናውን በር ማን ነው ክፍት የተወው?" ይባላል። ቀጥሎ የሚመጣውን እዚህ አንጽፈውም። ስለዚህ ልጃገረዶች ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ አንገታቸው ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ነገር ይለጥፉና የወንድ ድምፅ ለብሰው ይገባሉ። ሲወጡ ማውለቁ ይረሳል። የሶሊያና ልጅ ኖላዊት አንዳንዴ ከክፍሏ ብቅ ብላ በወፍራም የጎልማሳ ድምፅ "እማ፣ ሽሮ የለም?" ትላለች። ሶሊያናም "አለ፣ አባባ፣ ይቀመጡ" ትላታለች። ከዚያ ይሳሳቃሉ።

ኖላዊት ሃያ አራት ዓመቷ ነው። "ሰባተኛው በር" የሚባለውን ጌም አሥራ አንድ ዓመት ተጫውታዋለች። የጌሙ ሰዎች ስማቸውን አይጠሩም፣ የፈረስ ስም ነው የሚያወጡት፤ የእሷ "አባ ውርጭ" ነበር። አይጮህም፣ አይሳደብም፣ ቀስ ብሎ መጥቶ ያደርቅሃል ተብሎ የተፈራ ነበር አባ ውርጭ። ደብረ ብርሃን ነው የተወለደው የሚሉ ነበሩ። ሁለት ሚስት አለው ያሉም ነበሩ፤ አንዱ እንዲያውም ታናሽየዋን አውቃታለሁ ብሎ ምሏል። ኖላዊት ይህን ለእናቷ ስትነግራት ሶሊያና ከወንበር እስክትወድቅ ስቃ ነበር።

ታዲያ ሚያዝያ ላይ አባ ውርጭ የአገሪቱን ዋንጫ በላ። አስተዋዋቂው "አባ ውርጭ፣ እስቲ አንድ ቃል!" ሲል ከአንገት ላይ ቁልፏ ስትላጥ ተሰማ፤ ከዚያ አንዲት ቀጠን ያለች፣ ትንሽ የምትንቀጠቀጥ ድምፅ "ኖላዊት ብሩክ እባላለሁ። አዳማ ነው የተወለድኩት" አለች። ሰባ ሺህ ሰው ያዳምጥ ነበር። ወዲያው ስድቡ ወረደ። ሶሊያና ለአንድ ሰዓት ያህል አነበበችና ተወችው። "አጭበርባሪ" ያላት ነበር፣ "የረዳት ወንድ ማነው?" ያለ ነበር፣ ታናሽ ሚስቱን አውቃታለሁ ብሎ የማለው ሰውዬ ደግሞ ከሁሉም በላይ ተቆጥቶ ነበር።

ዋንጫውን የበላ ሰው የሚቀጥለው ዓመት ሽፋን ላይ ይወጣል፤ ይህ የጌሙ ሥርዓት ነው። እስካሁን ስምንት ወንዶች ወጥተዋል። ዘጠነኛዋ ኖላዊት ልትሆን ነው።

በዚያ ሳምንት እራት ላይ ኖላዊት ጉርሻዋን አስቀመጠችና "እማ፣ ሽፋኑ ወደ እናንተ ቤት ነው አይደል የሚመጣው?" አለች።

"ወደ እኛ ነው።"

"እንደዚያ እንዳያደርጉኝ።" በመስኮቱ ወደሚታየው የማዶ ፎቅ ሽፋን በአገጯ ጠቆመች። "አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ሆኜ ነው የኖርኩት። አሁን ደግሞ በስሜ ሌላ ሴት ሰቅለው ኖላዊት ናት ካሉ፣ አባ ውርጭ ሆኜ ብቀር ይሻለኝ ነበር። እኔን ትምሰል። ሌላ ምንም አልፈልግም። አደራ።"

ሶሊያና "እሺ" አለች። "እሺ" ስትል ቀላል መስሏት ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችው ሥራ ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ የሚባለው ኋላ ነው ትዝ ያላት።

ሽፋኑ የተመደበው ለጎረቤት ወንበሯ ለበፀሎት ነበር። በፀሎት ከሶሊያና አሥር ዓመት የምታንስ፣ ያለ ቀልድ ውላ የማትገባ ሴት ናት።

"ለእኔ ስጪኝ" አለቻት ሶሊያና።

"የራስን ልጅ ማየት አይከለከልም?"

"የት ተጽፎ?"

"ካልተጻፈማ ውሰጃት። ደግሞ ስትጨርሺ ለእኔም ወገብ ታወጪልኛለሽ" አለች በፀሎት፣ ሁለት እጇን ወፍራም ጎኗ ላይ አድርጋ።

ሰኞ ጠዋት ማሽኑ የመጀመሪያውን ሽፋን አመጣ። ሰባተኛው በር የሚገኘው በበረዶ ተራራ ጫፍ ላይ ነው፤ ነፋሱ ሥዕሉ ላይ ሳይቀር ይነፍሳል። በሩ ፊት ሁለት ሰዎች ቆመዋል። አንዱ የጌሙ ዘበኛ ነው፤ በጎች ሁሉ ያለቁለት የሚመስል ካባ ደርቧል። ሁለተኛዋ ኖላዊት ናት። ፊቷ የኖላዊት ነው፤ በግራ ቅንድቧ ላይ ያለችው ጠባሳ ሳትቀር አለች። ከአንገቷ በታች ግን ልጇ አይደለችም። ጀርባዋን ሰጥታለች፣ ደረቷንም ሰጥታለች፤ መካከሉ በእፍኝ የሚያዝ ወገብ ነው። ብረት ለብሳ ሆዷ ራቁቱን ነው።

"ያንን ብርድ በባዶ ሆድ!" አለች ሶሊያና ጮክ ብላ። "ጉንፋን ይጨርሳታል እኮ!"

እጇን ፈለገች። ልጇ በእጇ ነው ያሸነፈችው፤ እጇ ግን ከጭኗ ጀርባ ተሸሽጎ ሁለት ጣት ብቻ ይታያል። ሶሊያና ቀይ ብዕሯን አነሳች፣ ወገቡን ከበበች፣ "ይታረም፤ ሰው እንዲህ አይቆምም" ብላ ጻፈች። እንደ ልማዷ ወገቡ ላይ ጎንበስ ብላ የት የት እንደተሳሳተ መረመረች። ይህ የእሷ ጥንቃቄ ነው፤ ሌላው ፈራሚ ከብቦ ያልፋል፣ እሷ ግን ታጠናለች። ላከችው።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ሆኖ መጣ። ወገቡ ጠብቧል። ሶሊያና ጥርሷን ነከሰች፣ አጠናች፣ ከበበች፣ ላከች። ሦስተኛው መጣ፤ ኖላዊት ልትሰበር ምንም አልቀራትም። ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚህ ላይ "ግትር ማሽን" ትልና ፈርማ ሻይዋን ትጠጣ ነበር። ዛሬ አልፈረመችም። አራተኛ ዙር ላከች፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አያት። አምስተኛ ላከች።

በፀሎት ወንበሯን እየጎተተች መጣች። "ምን ነካሽ ሶሊዬ? ያፌት ከውስጥ ሆኖ ዙሩን እየቆጠረ ነው።" ያፌት የቤቱ ኃላፊ ነው።

"እስቲ ወገቧን እዪልኝ።"

በፀሎት አንዴ አየት አደረገችና ወዲያው ዓይኗን ጣሪያው ላይ ሰቀለች። "እኔ አላይም። አንቺም አትዪ።"

"ሳላየው እንዴት ነው የማርመው?"

"እያየሽው ነዋ የምታብሺው!"

ሶሊያና ቀልድ መስሏት ጠበቀች። በፀሎት ግን አልሳቀችም።

"የእኛም ዓይን እኮ ይቆጠራል" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "እንደ መንገዱ። እንዲያውም የፈራሚ ዓይን የአዋቂ ዓይን ነው ተብሎ የአራት ሺህ አላፊ አግዳሚ ያህል ነው የሚቆጠረው።"

"ቀዩ ብዕርስ?"

"ብዕሩማ ለመዝገብ ነው፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ለማሳየት። ማሽኑ ብዕር አያነብም፤ የሚያነበው ዓይን ነው።"

"ማነው ይሄን የነገረሽ?"

"ውሉ ላይ አለ እኮ፣ ሶሊዬ! ገጽ አርባ አንድ። አንቺም ፈርመሽበታል።" በፀሎት አሁን ደንገጥ አለች። "የምታውቂ መስሎኝ! ሁልጊዜ ወገብ ላይ ስታፈጪ፣ ገበያው የሚወደውን አውቃ ነው እል ነበር። ለዚህ አይደል ሦስት ጊዜ የሸለሙሽ?"

ሶሊያና ውሉን የፈረመችበትን ቀን አስታወሰች። ኖላዊት አምስት ዓመቷ ነበር፤ ከአባቷ ከብሩክ ከተለያዩ ሁለተኛ ወራቸው። ሥራ አገኘሽ ሲሏት ወረቀቱን ሳታነብ ነው የፈረመችው። የሽፋን ቤት ሰው ሁሉ እንዲህ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አስተውለህ ፈርም እየተባለ ይውላል፣ የራሱን ግን አያነብም።

ተነስታ መጸዳጃ ቤት ገባች፤ በሩን ዘግታ አለቀሰች። ወገብ ላይ እንደ እሷ የተናደደ ሰው አዳማ ውስጥ አልነበረም፤ እንደ እሷ ወገብ ላይ የቆየ ዓይንም እንግዲህ አልነበረም። አስጠልቷት ባፈጠጠች ቁጥር ማሽኑ ወደደችው ብሎ ጨመረላት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት! መንገዱን፣ ጎረምሳውን፣ የጌም ሰዎችን ስትረግም ኖራለች፤ ለካስ አንዷ እሷ ናት፣ ያውም አራት ሺህ ሰው የምታክል። አፈረች፤ ሌላ የምትለው ቃል አጣችለት። ፊቷን ታጥባ ስትወጣ በፀሎት ደጃፉ ላይ ውኃ ይዛ ቆማ ነበር።

"አሁን ምን ላድርግ?" አለቻት።

"ምን ታደርጊያለሽ፤ ልጅሽን እዪያታ!"

መናገሩ ይቀላል። ምላስ ወደተነቀለ ጥርስ እንደሚሄድ የሶሊያና ዓይን ወደዚያ ወገብ ይሄዳል፤ ትመልሰዋለች፣ ይሄዳል። ማክሰኞን በሙሉ በዚህ ጨረሰች። ረቡዕ ላይ ዘዴ አመጣች፤ ፊት ለፊቷ ያለውን ሽፋን ትታ ኖላዊት ቤት ውስጥ ስትጫወት የምታውቀውን አሰበችና እሱን ከሥዕሉ ላይ መፈለግ ጀመረች። ኖላዊት አንድ እግሯን አጥፋ ነው የምትቀመጠው። ጨዋታው ሲጠብባት የምላሷ ጫፍ በከንፈሯ ጥግ ብቅ ይላል። ትከሻዋ ይጎብጣል፤ ሶሊያና "ቀና በይ፣ ጎባጣ ትሆኛለሽ" እያለች ስንቴ ተጣልታታለች። የቀኝ አውራ ጣቷ ከብዙ ዓመት ጨዋታ ጠንክሮ ጫፉ ጠቁሯል። ሶሊያና ያን ጣት መኖር ያለበት ቦታ ላይ፣ ባዶው ላይ፣ ቁርሷን እስክትረሳ አየች።

ሐሙስ ሰባተኛው ዙር ሲመጣ ጣቱ ነበር። ስምንተኛው ላይ እጁ ሙሉ ሆነ። ወገቡ የሚያየው ሲያጣ ሰፋ፣ አጥንት ገባበት፣ ካባ ደረበ። አርብ ከሰዓት በፊት ኖላዊት ሽፋኑ ላይ ቆመች፤ ጎበጥ ብላ፣ ዓይኗን አጥብባ፣ ምላሷን በጥግ አውጥታ፣ በሩን ልትሰብር የተነሳች። ቆንጆም ናት፤ ግን እንደ ኖላዊት ነው የቆነጀችው። ሶሊያና ፈረመች።

ያፌት ወዲያው መጣ። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ትሑት ልጅ ነው፣ ቆሞ ነው የሚያናግራት። "ወይዘሮ ሶሊያና፣ በልጅዎ እንኳን ደስ አለዎት። ግን ይሄ አይሄድም እኮ። ምላሷ ወጥቷል።"

"ስትጫወት ይወጣል።"

"እሱስ ይወጣል። ማን አይቶ ይገዛል ነው የምልዎት።"

"ፈርሜበታለሁ፣ ልጄ። የተፈረመ ይወጣል፤ ሕጉ እንደዚያ ነው።"

ያፌት አልተከራከረም። ሥዕሉን ትንሽ አየውና ፈገግ አለ። "ይውጣ። ምን ችግር አለው፤ መንገዱ ያርመዋል" አለ። ሲናገር ክፋት አልነበረውም። ዝናብ ይመጣል ዓይነት አነጋገር ነው የተናገረው።

ሽፋኑ ቅዳሜ ንጋት ላይ አዳማ ውስጥ በስድስት መቶ ግድግዳ ወጣ። ኖላዊት የፎቁን ከመስኮት አየችና እናቷን አቀፈቻት። ሦስት ሰዓት ላይ ሶሊያና ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ ፍራንኮ ፌርማታ ላይ ትልቁን ሽፋን አየችና ቆመች። ምላሱ ገብቷል። ትከሻው ቀና ብሏል። ካባው በጎን በኩል ተከፍቶ ወገቡ መግባት ጀምሯል፤ ገና የሦስት ሰዓት ዓይን ነው ያረፈበት።

ዳቦውን ትታ ግድግዳው ፊት ቆመች። እጁን አየች፣ ጣቱን አየች፣ ዓይኗ እስኪያለቅስ አየች። ምንም ለውጥ የለም። መንገድ ላይ አራት ሺህ አይደለችም፤ አንድ ሰው ናት። ከጎኗ ባጃጁን አቁሞ ሰው የሚጠብቅ አንድ ጎልማሳ ሾፌር መንደሪን እየላጠ ሽፋኑን ያያል። ክፉ ሰው አይመስልም። ሥራ ፈትቶ ነው የሚያየው፤ ዓይኑ ግን ያው ሁሉም የሚሄድበት ላይ ነው፤ ሶሊያና እያየች ወገቡ በአንድ ጣት ገባ።

"ልጄ ናት" አለች።

"እ?" አለ ሾፌሩ።

"ይቺ። ሽፋኑ ላይ ያለችው። የእኔ ልጅ ናት፤ እኔ ነኝ የወለድኳት።"

ሰውየው መንደሪኑን እንደያዘ ቀረ። ዓይኑ ከወገቡ ላይ ድንገት ተነስቶ የሚገባበት አጣና የልጅቷ ፊት ላይ አረፈ። "ኧረ በእመቤቴ! ይቅርታ፣ እናቴ…" አለ። ምን ብሎ ይቅርታ እንደጠየቀ እሱም አላወቀም። ከዚያ ደጋግሞ ፊቷን አየ፤ "በዓይኗ እርስዎን ነው የምትመስለው። ቅንድቧን ምን ሆና ነው?"

"ስድስት ዓመቷ ላይ ከደረጃ ወድቃ።"

"ወይኔ! ስሟ ማነው?"

"ኖላዊት።"

"ያቺ… ዋንጫውን የበላችው?" አለና ከሽፋኑ ላይ እጇን ፈለገ። "በዚህ ጣቷ ነዋ!"

ወገቡ ወጣ። ብዙ አይደለም፤ ግን ሶሊያና አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችበት ስለሆነ በአንድ ጣት መውጣቱን አወቀች። ማሽኑን የሠሩት ሰዎች ሁሉን ነገር ቆጥረዋል፤ ይሉኝታን ግን ማን አስተማራቸው?

ከዚያ በኋላ አልተንቀሳቀሰችም። ሁለት ተማሪዎች መጡ፤ "ልጄ ናት" አለቻቸው፤ ተገፋፍተው ሳቁና አንገታቸውን ደፉ፣ ሲሄዱ ግን አንዱ ዞር ብሎ የልጅቷን ፊት አየ። አንዲት ወጣት ሴት ሽፋኑንና የራሷን ሆድ እያፈራረቀች ስታይ ሶሊያና "ልጄ ናት፤ ይሄን ያህል ቀጭን አይደለችም፣ ሽሮ ትወዳለች" አለቻት፤ ልጅቷ ሳቀች። አንድ ሽማግሌ "ልጅዎን እንዲህ ያደረጓት እነማን ናቸው?" ብለው ተቆጡ፤ ለእሳቸው መልስ አልሰጠቻቸውም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጉሮሮዋ ደርቆ ነበር፤ ሽፋኑ ላይ ግን ትከሻው ጎብጦ የምላሱ ጫፍ ተመልሶ ወጥቷል።

ኖላዊት ያኔ ደረሰች። ጎረቤት "እናትሽ ፌርማታ ላይ ቆማ ሰው እያስቆመች ነው" ብሏት በነጠላ ጫማ ነው የመጣችው።

"እማ፣ ምን እየሆንሽ ነው? ሰው እኮ ቀረጸሽ!"

"ይቅረጸኝ። እዪው፣ እስቲ እዪው፤ አንቺን አይመስልም?"

ኖላዊት ሽፋኑን አየች። አንድ ሰውዬ ደርሶ "ልጄ ናት" ስትለው እንዴት ዓይኑን እንዳነሳም አየች። ደስ ያላት መስሎ ነበር፤ ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

"ይሄ ሰውዬ እኔን ያየው አንቺን አፍሮ ነው" አለች።

"ይፈር! ምናለበት?"

"አንቺ ባትኖሪስ? ሰው የምሆነው የሰው ልጅ ስለሆንኩ ነው ወይስ እናቴ ስለቆመች? ስድስት መቶ ግድግዳ ነው ያለው፣ እማ።"

"አውቃለሁ። አንዱን ልያዝ ብዬ ነው።"

"እሺ፣ የእኔን ያዝሽ። እናት የሌላትስ?" ኖላዊት እጇን ዘርግታ ከጎን ያለውን ግድግዳ አሳየቻት። "ይቺስ የማን ናት?"

ሶሊያና እስካሁን ወደዚያ አልዞረችም ነበር። "የጨው ንግሥት" የሚባል ያረጀ ጌም ሽፋን ነው። ሴትየዋን ማሽኑ ከምንም ነው የፈጠራት፤ መልክ ያዋሰቻት ሰው የለችም። ስድስት ዓመት ግድግዳ ላይ ኖራ ከወገቧ ክር ቀርቷል። እጇ አንጓው ላይ አልቋል። ፊቷ ላይ የማንም ሰው ዓይን አርፎ ስለማያውቅ ዓይንና አፍ የተለዩበት ሁሉ ጠፍቶ ልሙጥ ሆኗል። ጥጉ ላይ ፊርማ አለ። የሶሊያና ፊርማ ነው፤ ሦስተኛ ዙር።

"የማንም አይደለችም" ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ይቺን የፈረመችባት ቀን ምን እንዳለች፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደበላች እንኳ አታስታውስም። ኖላዊትም ከእናቷ አጠገብ አለፈችና ከራሷ ሽፋን ፊት ቆመች። አንድ የጎማ ቤት ሠራተኛ እጁን እየጠረገ ሲመጣ በዚያችው በቀጭኗ ድምፅዋ "እኔ ነኝ" አለችው። ሰውየው ደነገጠ፤ ሽፋኑን አየ፣ እሷን አየ፣ ጣቷን አየ።

ሶሊያና ሁለት እርምጃ ሄደች። ከጨው ንግሥት ፊት ስትቆም ሌላ ሰው እየመጣ ነበር፤ ቦርሳ የያዘ፣ ለሥራ የለበሰ፣ ከፌርማታው ወርዶ ወደ ገበያ የሚቸኩል። ዓይኑ ሳይጠይቀው ወደዚያች ክር ሄደ።

"ልጄ ናት" አለችው ሶሊያና።

ሰውየው ቆመ። ልሙጡን ፊት ቀና ብሎ ፈለገው፤ ከዚያ ከጎን ያለችውን አየ፣ ቀጥሎ እናትየዋን።

"ጠዋት በዚህ ሳልፍ ያቺኛዋም የእርስዎ ናት ሲሉ ሰምቼ ነበር።"

"ናት።"

"ሁለቱም?"

"ሁለቱም" አለች።